መብራት ሲጠፋ የማይታፈን ማጣሪያ

የቤት ዓሣ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ ስምንት ዓመት ስትሞላ የ100 ሊትር የዓሣ መስታወት ገዝተን ሳሎን ውስጥ አስቀመጥንላት። ስድስት ወርቃማ ዓሦች አስገባን፤ በሦስተኛው ሳምንት አራቱ ተከታትለው ሞቱ። ባለሱቁ ማጣሪያው ደካማ ስለሆነ ነው ብሎ ሌላ እንድገዛ መከረኝ። ያሳየኝ ሦስት ዓይነት ነው፦ በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ፣ መስታወቱ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል፣ እንዲሁም ከመስታወቱ ውጭ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ባለ ክዳን ትልቅ ማጣሪያ። የመጨረሻው ዋጋ ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ነው። ገንዘብ አጠራቅሜ ትልቁን ልግዛ ወይ? ልጄ ዳግም ስታለቅስ ማየት አልፈልግም።»
አባት፣ ከአያት

ውድ ጠያቂዬ፣ ትልቁን አይግዙ። ርካሹን ስፖንጅ ይግዙ፤ ያውም ሁለት። ምክንያቱን ግን በዝርዝር ልንገርዎ፤ እሱን ሳያውቁ ቢገዙ ሁለተኛው ስፖንጅም አያድንዎትምና።

መጀመሪያ የሞቱትን አራት ዓሦች እናንሳ። በሦስተኛው ሳምንት ማለትዎ ነገሩን ግልጽ አድርጎልኛል። ዓሣ በስንጥቡ (በሚተነፍስበት አካል) በኩል አሞኒያ ያወጣል፤ ኩሱና ሳይበላ የቀረው ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ይህ አሞኒያ ከበዛ ያንኑ ስንጥብ መልሶ ያቃጥለዋል። በቆየ ማጣሪያ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ናይትሬት ግን ካልበዛ ዓሣው ይችለዋል፤ በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ ስንቀይር አብሮ ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከሱቅ ከማጣሪያው ጋር ታሽገው አይመጡም። በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለመራባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። ማሞቂያ በሌለው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ በሚገባበት የአዲስ አበባ ሳሎን ደግሞ ከሁለት ወርም ሊያልፍ ይችላል። እርስዎ ስድስት ወርቃማ ዓሣ በአንድ ቀን አስገቡ። ወርቃማ ዓሣ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል። ያን ጊዜ ትልቁን ማጣሪያ ገጥመው ቢሆን ኖሮም ዓሦቹ በዚያው ሳምንት ይሞቱ ነበር፤ ባዶ ቤት ትልቅም ሆነ ትንሽ ባዶ ነውና። ዓሣውን የሸጠልዎ ሰው ይህንን ያኔውኑ ሊነግርዎ ይገባ ነበር። ዓሣ ሲያመው አይጮህም፣ አያቃስትም፤ ስለዚህ የሚሸጠው ሰው ስለ እሱ መናገር አለበት ብዬ አምናለሁ።

አሁን መፍትሔው ከእንጀራ ሊጥ የተለየ አይደለም። አዲስ ሊጥ በራሱ ጊዜ እስኪቦካ ብዙ ይቆያል፤ እርሾ ሲጨመርበት ግን ይፈጥናል። ጤነኛ ዓሣ ያለው፣ መስታወቱ ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ ሰው ካወቁ፣ አሮጌውን ስፖንጅ ለጥቂት ቀናት ይዋሱ ወይም በራሱ የዓሣ ውሃ ውስጥ ጨምቆ የሚወጣውን ቡናማ ጭማቂ በጀሪካን ይቀበሉ። አስቀያሚ ይመስላል፤ ሕይወት ያለው ግን እዚያ ውስጥ ነው። በዚያው ቀን መስታወትዎ ውስጥ፣ አዲሱ ስፖንጅ አጠገብ ይጨምሩት። ውሃው ለአንድ ቀን ይደፈርሳል፤ አይደንግጡ። የታመመ ዓሣ ካለበት ቤት ግን በምንም ዓይነት አይቀበሉ።

ወደ ማጣሪያዎቹ ልግባ። ማጣሪያ የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። እንደ ወንፊት ቆሻሻ የሚይዝ ዕቃ ብቻ አድርገን እንድናስበው ያደርገናል፤ ስለዚህ ውሃውን ይበልጥ ኩልል የሚያደርገውን እንመርጣለን። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አስብ ነበር። ኮልፌ በነበረው ቤቴ የ240 ሊትር መስታወት ነበረኝ፤ ከሥሩ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ እርስዎ አሁን የሚያስቡት ዓይነት ባለ ክዳን ማጣሪያ። ውሃው መስታወቱ ባዶ እስኪመስል ድረስ ጠርቶ ነበር። በነሐሴ ወር አንድ ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ የመጣው ሲነጋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ማጣሪያው በራሱ ተነሣ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ሥራ ሄድኩ። ለምሳ ስመለስ ሳሎኑ የተበላሸ ዕንቁላል ይሸታል። ከአሥራ አራት ዓሦች ዘጠኙ ሞተዋል። ከእነሱ መካከል ሰባት ዓመት ያሳደግኳት፣ እጄን ስታይ ወደ መስታወቱ የምትመጣ ኤንጀልፊሽ ነበረች።

የሆነው ይህ ነው። ባክቴሪያዎቹ አየር ይተነፍሳሉ፤ በጣም ብዙ። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ ከአራት ግራም በላይ ኦክስጅን ያስፈልጋል። ክዳኑ ጥርቅም ብሎ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ውሃው መንቀሳቀስ ሲያቆም፣ በውስጡ ያለው ኦክስጅን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ባክቴሪያዎቹ ታፍነው ሥራ ያቆማሉ፤ አየር የማይፈልጉ ሌሎች ተህዋሲያን ይተካሉ፤ ያ ሽታ የእነሱ ሥራ ነው። መብራቱ ሲመጣ ፓምፑ ያንን የተመረዘ ውሃ በሙሉ ዓሦቹ ላይ ይደፋዋል። መብራት ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በላይ ከጠፋ ማጣሪያውን ከሶኬቱ መንቀል፣ ከፍቶ ውስጡ ያለውን ውሃ መድፋት፣ ዕቃዎቹን በመስታወቱ ውሃ ማለቅለቅና ከዚያ በኋላ ማስነሣት ነበረብኝ። ይህ ሌሊት ሰው ነቅቶ ሲጠብቅ ይሠራል። እርስዎ ሥራ ላይ፣ ልጅዎ ትምህርት ቤት ሆናችሁ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ማን ይነቅለዋል?

በጀርባ የሚንጠለጠለው ቀለል ያለ ነው። ውሃውን ስቦ በስፖንጁ ላይ አሳልፎ እንደ ትንሽ ፏፏቴ ይመልሰዋል፤ ከመስታወቱ ሳይወርድ ስለሚከፈት ለማጽዳትም አይከብድም። ሁለት ጠባይ ግን አለው። በበጋ ወራት ውሃው ተንኖ ሁለት ሦስት ጣት ሲጎድል መንጎራጎር ይጀምራል፤ ይበልጥ ከጎደለ መሳቡን ያቆማል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ አንዳንዱ ውሃው ወደ ኋላ ሸሽቶበት በደረቁ ይሽከረከራል፤ በእጅ ውሃ እስኪሞሉት ድረስ አይሠራም፣ ሞተሩም ይቃጠላል። እነዚህን ሁለቱን የሚከታተል ሰው ቤት ውስጥ ካለ መልካም ማጣሪያ ነው። ከገዙ በሰዓት የመስታወቱን ውሃ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ የሚያዞር ይሁን፤ ለእርስዎ ከ400 እስከ 600 ሊትር ማለት ነው። አምራቾች በውስጡ የሚገባውን ተለዋጭ ማጣሪያ (ካርትሪጅ) በየወሩ ጣሉና አዲስ ግዙ ይላሉ፤ አይጣሉት። ከካርትሪጁ ጋር ባክቴሪያውን በሙሉ ይጥሉታል። በእሱ ፋንታ ተቆርጦ የሚገባ ተራ የማጣሪያ ስፖንጅ ያድርጉ፤ እሱ ለዓመታት ይቆያል። እኔ በተጨማሪ ለግንባታና ለመንገድ ሙሌት ከሚያመጡት ቀይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጥቂት ለቅሜ፣ አጥቤና ቀቅዬ አስገባበታለሁ። በቢሾፍቱ አካባቢ ሞልቷል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ለባክቴሪያ ማደሪያ ስለሆነ፣ ከውጭ ታሽጎ በውድ የሚመጣውን የሸክላ ቀለበት የሚያስመኝ ነገር አላየሁም።

ስፖንጁስ? የአየር ፓምፑ በቀጭን ቱቦ አየር ወደ ታች ይልካል፤ አረፋው በፕላስቲኩ ዘንግ ውስጥ ሲወጣ ውሃውን ይዞ ይወጣል፤ የወጣውን ለመተካት ሌላ ውሃ በስፖንጁ በኩል ይገባል። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ የሚበላሽም የለም። ትንሽ ፓምፕ ከሦስት እስከ አምስት ዋት ብቻ ይበላል። መብራት ሲጠፋ ስፖንጁ ክፍት ውሃ መካከል ስለሚቆም እንደ ተዘጋው ዕቃ ቶሎ አይታፈንም፤ መብራት ሲመጣ ያለ ማንም እርዳታ ይነሣል።

ለአዲስ አበባ ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ይህን ባለሱቅ ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም። የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። በባሕር ጠረፍ፣ በ25 ዲግሪ፣ አንድ ሊትር ውሃ እስከ 8.2 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። እዚህ በዚያው ሙቀት ሊይዝ የሚችለው ወደ 6.2 ሚሊግራም ነው። ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉድለት ነው። የውጭ መጻሕፍት «ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» ሲሉ የእኛን ተራራ አያስቡም። ስለዚህ እዚህ የውሃውን ፊት ሌት ተቀን የሚያነቃንቅ አረፋ የግድ ነው፤ ስፖንጅ ማጣሪያ ደግሞ እያጣራ አየር የሚሰጥ ነው።

ጉድለቱን አልደብቅም። ውሃውን እንደ ትልቁ ማጣሪያ ኩልል አያደርገውም፤ ተንሳፋፊ ብናኝ ይቀራል። ፓምፑም ይንጫጫል፤ አራት እጥፍ በታጠፈ ፎጣ ላይ ሲቀመጥ ድምፁ ይቀንሳል። ሁለት ግዙ ያልኩት በየአሥራ አምስት ቀኑ እያፈራረቁ አንዱን ብቻ እንዲያጥቡ ነው። ሲያጥቡም ከመስታወቱ በቀዱት ባልዲ ውሃ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ይመልሱት። ቧንቧ ሥር አይጠቡት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ውስጥ የቆየ ውሃ ክሎሪኑ አብዛኛው ወጥቶለታል፤ በመጣበት ዕለት የተቀዳው ግን ሙሉ ኃይሉ አለው። ለመቀየሪያ የሚሆነውን በሰፊ ባልዲ ከፍተው አንድ ቀን ያሳድሩት።

ፓምፑን ሲያስቀምጡ ከውሃው ወለል ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን፤ መደርደሪያ ወይም ግድግዳ ላይ የተመታ ሚስማር ይበቃል። ዝቅ ካለ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ተስቦ ፓምፑን ያሰጥመዋል፤ ከዚያም አልፎ ምንጣፍዎን ያረጥባል። ቦታ ከሌለ ውሃ ወደ ኋላ የማታሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ቱቦው መካከል ይግጠሙ። የኤሌክትሪክ ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ወደ ላይ ይመለስ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ወደ ሶኬቱ እንዳይደርስ። ልጅ ባለበት ቤት ይህንን አደራ እላለሁ።

ለረጅም የመብራት መጥፋት በስልክ ባትሪ መሙያ ገመድ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ይፈልጉ። አንድ ዋት አካባቢ ስለሚበላ ባለ 10,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት (mAh) ፓወር ባንክ ሌሊቱን ሙሉ ያሠራዋል። አንዳንድ ፓወር ባንክ ግን የሚጎትተው ኃይል ትንሽ ሲሆን ስልኩ የሞላ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ በቀን፣ እርስዎ እያዩት፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ይሞክሩት።

የቀሩትን ሁለት ዓሦች ይዘው ይቀጥሉ፤ ለ100 ሊትር ሁለት ወርቃማ ዓሣ ይበቃል። ወርቃማ ዓሣ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚወድ ማሞቂያ አይግዙ። ለሁለት ወር በየሦስት ቀኑ ሩቡን ውሃ ይቀይሩ፤ ምግቡን በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ብቻ ይስጡ። እንጀራና ዳቦ አይጣልላቸው። የአሞኒያ መመርመሪያ ጠብታ ካገኙ ልጅዎ ትመርምርና ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጻፍ። ዜሮ ሆኖ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ማጣሪያው ሕይወት ዘርቷል ማለት ነው። ያን ቀን እሷ ራሷ ታውቀዋለች።


«ሰላም ለእርስዎ። ዋሽንግተን ዲሲ ከገባሁ አሥር ዓመቴ ነው። የ300 ሊትር መስታወት ከነባለ ክዳን ማጣሪያው ከሚሸጥ ጎረቤት ገዛሁ። ከዚህ ቀደም በዓምድዎ ስፖንጅን ሲያወድሱ አንብቤአለሁ፤ ልቀይረው ይሆን? ውሃውንስ እንደ አገር ቤት ባልዲ ውስጥ ማሳደር ይበቃል?»

አይቀይሩት። መብራት ብዙም በማይጠፋበት ቤት ለ300 ሊትር እሱ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ብዙ ድንጋይና ስፖንጅ ይይዛል፣ ድምፁም አይሰማም። ውሃው ሲመለስ የውሃውን ፊት እንዲያነቃንቅ የመውጫውን አፍ ወደ ላይ ያዙሩት። የክዳኑን ጎማ ሲከፍቱ ሁሉ ጠርገው ስስ የሲሊኮን ቅባት ይቀቡት፤ የሚያፈሰው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነውና። ለአውሎ ነፋስ ቀን አንድ ትንሽ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕ መሳቢያ ውስጥ ይኑርዎት።

ማሳደሩ ግን አይሠራም፤ ደብዳቤዎን ቶሎ እንድመልስ ያደረገኝ ይህ ነው። የዲሲ ውሃ ዓመቱን አብዛኛውን የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ክሎሪንና አሞኒያ ተጣምረው የሚሆኑት ነገር ነው። ተራ ክሎሪን በአንድ ቀን ተንኖ ሲሄድ ክሎራሚን ለቀናት እዚያው ይቆያል። ክሎራሚንን ጭምር እንደሚያመክን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈበት ማከሚያ ይጠቀሙ። ማከሚያው ጥምረቱን ሲፈታው አሞኒያው ነጻ ይወጣል፤ ያንን የሚበላልዎ ማጣሪያው ነው። ስለዚህ ማጣሪያውን ባጸዱበት ቀን ብዙ ውሃ አይቀይሩ፤ በመካከላቸው አንድ ሳምንት ይሁን። በየፀደዩ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ተራ ክሎሪን ይዞራሉ፤ ያኔም ማከሚያውን አያቁሙ።


«እትዬ፣ እንደምን አሉ? ሐዋሳ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አሞራ ገደል ያለ ዓሣ አጥማጅ አጎቴ ሦስት ትንንሽ ቆሮሶ ሰጠኝ። የ60 ሊትር መስታወት አለኝ፤ ማጣሪያው ጠጠሩ ሥር የሚቀመጥ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ነው። ዓሦቹ ጠጠሩን እየቆፈሩ ፕላስቲኩን ያወጡታል። በየቅዳሜው ጠጠሩን በሙሉ አውጥቼ በቧንቧ ውሃ አጥባለሁ፤ ሰኞ ላይ ግን ውሃው ይነጣል፣ ዓሦቹም ፊቱ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ጥፋቴ ምንድን ነው?»

ልጄ፣ ትጋትሽ አላስቀየመኝም፤ አቅጣጫው ብቻ ይስተካከል። ቆሮሶ ቆፋሪ ነው። በሐይቁ ውስጥ ወንዱ ለዕንቁላል መጣያ ጎድጓዳ የሚቆፍረው በአፉ ነው፤ አንቺም ቤት ያንኑ ያደርጋል። ጠጠር ሥር ያለ ማጣሪያ የሚሠራው ጠጠሩ እኩል ተነጥፎ ሲቆይ ነው። አንድ ቦታ ከተገለጠ ውሃው ሁሉ በዚያ ባዶ ቦታ ያልፋል፣ የቀረው ጠጠር ሥራ ይፈታል። ይህ ማጣሪያ ለዚህ ዓሣ አይሆንም። የአየር ፓምፑን አትጣይው፤ ያው ፓምፕ ስፖንጅ ማጣሪያ ያሠራልሻል።

ውሃው ሰኞ የሚነጣው ቅዳሜ በቧንቧ ውሃ ባክቴሪያውን ስለምታጠፊው ነው። በየሳምንቱ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ፤ ዓሦቹ ወደ ላይ የሚወጡትም ስንጥባቸው ስለሚጎዳና ኦክስጅን ስለሚያንሳቸው ነው። የፊታችን ቅዳሜ ጠጠሩን አትንኪው። አዲሱን ስፖንጅ አስገቢና ፕላስቲኩ ሥር ካለው ቡናማ ዝቃጭ ጥቂት ቀድተሽ ስፖንጁ ላይ አፍስሽበት። አሮጌው ማጣሪያ እንዳለ አምስት ሳምንት አብሮ ይሥራ፤ ፓምፑ አንድ ከሆነ ቱቦውን ለሁለት የምትከፍል ትንሽ ማከፋፈያ ትበቃለች። ከዚያ በኋላ ፕላስቲኩን አውጪው።

አንድ የሚከብድ ነገርም ልንገርሽ። ቆሮሶ ሲያድግ ከክንድሽ ግማሽ ይበልጣል፤ 60 ሊትር ለሦስቱ ቀርቶ ለአንዱም አይበቃም። ከአሁኑ ኩሬ ያለው ሰው ፈልጊላቸው። ከሱቅ የተገዛ ዓሣ አብሯቸው ኖሮ ከሆነ ወደ ሐይቁ አትመልሺያቸው፤ የሱቅ ዓሣ በሽታ ወደ ሐይቁ ይገባል። እነሱ ሲሄዱ ለዚያ መስታወት ጋፒ ከሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ስምንት ትክክል ነው፤ ያኔ የበሰለ ስፖንጅ ይጠብቃቸዋል።

ቅዳሜ ጠጠሩን ሳታጥቢ ማለፍ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ውሃው ምን እንደመሰለ አይተሽ ጻፊልኝ።